ማኅበራዊ ኃላፊነትን በባነር የመወጣት ጥበብ

ክቡር አሳታሚ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የሳምንታዊ ጋዜጣዎን ቢሮ ከመሀል ከተማ ኪራይ ገላግለው ወደ ኮልፌ ቀራኒዮ ማምጣትዎ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ድርጅት የሚረዳው ችግረኛ ፍለጋ መኪና ያስነሣል፤ ለእርስዎ ግን መስኮት መክፈት ይበቃል። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከዘነበ ወርቅ እስከ ካራ ቆሬ ለፎቶ የሚሆን ሰው ሞልቷል። የቀረዎት ነገር ቢኖር ጋዜጣው ሳይነካ፣ ኪስዎም ሳይሳሳ ደግ የሚባሉበትን መንገድ ማወቅ ነው።

ፈረንጆቹ ነገሩን እንዴት እንዳበላሹት አስቀድመው ይወቁ። የታይም መጽሔት ባለቤት ሄንሪ ሉስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን ሮበርት ሃቺንስን ስለ ፕሬስ ነፃነት የሚያጠና ኮሚሽን እንዲመራለት ጠየቀው፤ ገንዘቡንም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ሪፖርት ግን የጋዜጣ ባለቤቶችን አላሞገሰም። የዕለቱን ዜና በእውነትና በተሟላ መልኩ ማቅረብ፣ ለማይስማማችሁ ሐሳብ ቦታ መስጠት፣ እያንዳንዱን የኅብረተሰብ ክፍል እንደሆነው አድርጎ ማሳየት ግዴታችሁ ነው አለ። ሉስ ቅር ተሰኘ። ቢሰኝስ ይፈረድበታል? በዚያ ሁሉ ገንዘብ ስንት ባነር ያሠራ ነበር! ስለዚህ ኮሚሽን የሚባል ነገር አይሞክሩ። ኮሚቴ ይበቃል፤ ሰብሳቢዋም የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዋ ትሁን።

እንግዲህ ለፋሲካ ማዕድ ያጋሩ። ዘይትና ዱቄት ይምረጡ እንጂ ዶሮ አይሞክሩ፤ ዶሮ ፎቶ ላይ አርፋ አትቆምም። እናቶቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሰለፉ፣ የክብር እንግዳው 5 ሰዓት ላይ ይድረሱ። የባነሩ ዋጋ ከዘይቱ እንዳይበልጥ የሚሉ ቁጥብ ሰዎች በሒሳብ ክፍል አይጠፉም፤ አይስሟቸው። ዘይቱ በወሩ ያልቃል፣ ባነሩ ግን ዓመተ ምሕረቱን ካልጻፉበት ለገናም ለከርሞም ይሆናል። ሲያስረክቡ ጀሪካኑን ቶሎ አይልቀቁ። እርስዎም እማማም እንደያዛችሁት ወደ ካሜራው ዞር ማለት ያስፈልጋል፤ እማማ ዓይናቸው ዘይቱ ላይ ከቀረ «እማማ፣ ወዲህ! ፈገግ ይበሉ!» የሚል ወጣት ከጎን ይቁም። ፎቶው ፊት ገጽ ላይ ሲወጣ ሙሉ ስማቸውን፣ ወረዳቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይቀር ከሥሩ ያስጽፉ። የእርስዎን ወርኃዊ ገቢ የጠየቀ ሰው ካለ ግን የግል ጉዳይ ውስጥ መግባት ነውር መሆኑን ያስረዱት።

አለርት ሆስፒታልም ሰፈርዎ ውስጥ ነው፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ። በጥር ወር የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ሲከበር ፎቶ አንሺ ይላኩ። በሽታው በመድኃኒት እንደሚድን፣ ሕክምና የጀመረ ሰውም ወደ ሌላው እንደማያስተላልፍ መጻፍ ግን ጋዜጣውን የጤና ጣቢያ ያስመስለዋል። የቀረውን አስራ አንድ ወር አምደኛዎ የማይወደውን ፖለቲከኛ ለመስደብ የበሽታውን ስም እንደልቡ ይጠቀምበት። የተፈወሱት ሰዎችና ልጆቻቸው ቢያነቡትስ? ጋዜጣ የሚገዙ አይመስሉም፤ ዘይት ተቀባዮች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ቆሼ። እዚህ ላይ ጀማሪ አሳታሚ ብዙ ስሕተት ይሠራል፤ ከአደጋ በፊት ይጽፋል። ከአደጋ በፊት የሚጻፍ ዜና ጠላት ያፈራል፣ ስልክ ያስደውላል፣ ማስታወቂያ ያስቀራል። ከአደጋ በኋላ የሚሰጥ ብርድ ልብስ ግን ምስጋና እንጂ ሌላ አያመጣም። ነገሩን በዝርዝር እንየው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው የረጲው ቆሼ በ2008 ዓ.ም. እፎይ ሊል ነበር፤ ቆሻሻው ሰንዳፋ ወደተሠራው አዲስ ማስወገጃ መሄድ ጀምሮ። የሰንዳፋ ገበሬዎች አቤት አሉ፣ ማስወገጃው በወራት ውስጥ ቆመ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ትጉህ ዘጋቢ መጥቶ «በዚህ ሁሉ ክምር ላይ እንደገና ሲደፋበት፣ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ምን ይሆናሉ?» ካለዎት ሳይውል ሳያድር ወደ ስፖርት ገጽ ያዛውሩት። መሐንዲስ ላናግር፣ ክፍለ ከተማውን ልጠይቅ፣ እዚያው እየለቀሙ ከሚያድሩት ጋር ልዋል ይልዎታል። ይህ ሁሉ ትራንስፖርት ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ በላስቲክና በጭቃ በተሠሩ ቤቶቻቸው ውስጥ እንዳሉ ነበር። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀች። የማኅበራዊ ኃላፊነት ኮሚቴዎ የሚፈለገው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ዓርማው ጎላ ብሎ የተጠለፈበት ብርድ ልብስ ይዘው ይድረሱ፤ ጥቁር ክራባት አይርሱ። በዚያ ሳምንት እትም ርዕሰ አንቀጹ «እንዲህ ያለ አደጋ ዳግም እንዳይደርስ የሚመለከታቸው አካላት» ብሎ ይጀምር። የሚመለከታቸው አካላት እነማን እንደሆኑ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ስም ከተጠራ ጋዜጣውም ይመለከተዋል የሚል ሰው አይጠፋም።

ከዐርባው በኋላ ደግሞ ዝር እንዳይሉ። የተረፉት የት ሰፈሩ፣ ቃል የተገባላቸው ደረሰ ወይስ ቀረ፣ ቆሻሻ ለቅመው ያድሩ የነበሩት ዛሬ በምን ያድራሉ ማለት ክትትል ይባላል፤ ክትትል ደግሞ ነዳጅ ይጠጣል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ሲመረቅ እንዳደረጉት፣ ሪባን ሲቆረጥ ብቻ ይገኙ። ስንት ቀን ሠርቶ ስንት ቀን ቆመ የሚለውን የሚያውቀው ማሽኑ ነው፤ ማሽን አያስቸግሩ።

ስለ ኮልፌ የግድ መጻፍ ካለብዎ ስለ ማንዴላ ይጻፉ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኮልፌ ካምፕ ገብቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱ እውነት ነው፤ ደስ ይላል፣ ማንም አይከስዎትም፣ በየዓመቱም ቀኑን ብቻ ለውጠው ያትሙታል።

አንድ አርቺ ካሮል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 የድርጅቶችን ኃላፊነት በፒራሚድ ሥሎታል፤ ከሥር አትርፎ መኖር፣ ከዚያ ሕግ ማክበር፣ ከዚያ ሥነ ምግባር፣ ከሁሉ በላይ ጫፉ ላይ ልግስና። እርስዎ ከጫፉ ይጀምሩና እዚያው ይቀመጡ። ወደታች ካዩ የጋዜጠኞችዎ ደመወዝ ይታይዎታል። በዚህ በኩል ሕጉም ብዙ አያስጨንቅም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ እንጂ መጠኑን ራሱ አልቆረጠም። ለዘጋቢ ያልከፈሉትን ጋባዡ ይከፍልልዎታል። መግለጫ የጠራው ድርጅት ምሳና አበል ይሰጠዋል፤ ልጁም ጠግቦ የጻፈው ዜና ለስለስ ይላል። ባለአበሉ ድርጅት ቆየት ብሎ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ይዞ ሲመጣ ደግሞ የእናቶቹን ዘይት ከዚያ ላይ ይገዛሉ። እንዲህ ገንዘብ ሲዞር ማየት እንዴት ያስደስታል!

ስለ ማረሚያ አጭር ቃል፦ አያውጡ። የእንግሊዙ ጋርዲያን እ.ኤ.አ. በ1997 የአንባቢያን አቤቱታ የሚሰማ ሰው ሾሞ በየዕለቱ ስሕተቱን በገዛ ገጹ ሲያርም ከርሟል፤ ምን ቆርጦት እንደሆነ እንጃ። እኛም አገር ስሙ የተነሣ ሰው ምላሽ የመስጠት መብት እንዳለው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ጽፎት ነበር። ምላሹ ከመጣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር፣ በትንሿ ፊደል፣ ከሦስት እትም በኋላ ይውጣ። የሰፈሩን ዕቁብተኞች በስሕተት «አጭበርባሪዎች» ብለው ጽፈውባቸው ከእነሱ አንዱ የሆነው ባለሱቅ ቢሮዎ ድረስ ከመጣ ደግሞ ቲሸርት ይስጡት።

ችግኝም ይትከሉ፤ ለዚህ ምክር አያሻዎትም።

በመጨረሻ ስለ ተመላሽ ጋዜጣ። አዟሪዎቹ ሳይሸጥ የቀረውን ይዘው ሲመጡ አይቀበሏቸው፤ ኪሳራው የእነሱ ይሁን፤ በምትኩ ዓርማዎ ያለበት ጥላ ያድሏቸው። ጦር ኃይሎች ማዞሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ በጥላው ሲቆሙ ለእርስዎ የነፃ ማስታወቂያ ነው። ከማተሚያ ቤት ወጥቶ መጋዘን የተደረደረውን ግን ለቁራሌው አይስጡ። በኪሎ ሸጠውት ምን ያተርፋሉ? የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። አቅራቢያዎ ያለ ትምህርት ቤት ይምረጡ፤ ዝግጅቱን «የንባብ ባህልን ለማሳደግ» ይበሉት፤ ያልተሸጠውን ሁሉ ሽፋኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ተምነው ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክቡ። ተማሪዎቹ ካምና ቀነ ገደባቸው ያለፈ የሥራ ማስታወቂያዎችን ያነባሉ፣ የተዘጉ ጨረታዎችን ያጠናሉ፣ የማንዴላውንም ጽሑፍ አራት ጊዜ ያገኙታል። ግብር መሥሪያ ቤቱ ዋጋውን ላይቀበለው ይችላል፤ ደረሰኙን ግን ርእሰ መምህሩ ከመድረክ ሳይወርዱ ያስፈርሟቸው። ፎቶው ለሚቀጥለው እትም ፊት ገጽ ስለሚሆን ፎቶ አንሺው ቀድሞ ይገኝ፤ ትራንስፖርቱን ራሱ ይቻል።