ለዘር የተተወ ባሚያ፦ በድሬዳዋ ጓሮዎች የተደረገ ምልከታ

በድሬዳዋ ጓሮ ከሚበቅሉት ሁሉ ለባለቤቱ ቀጠሮ የማይሰጥ ተክል ባሚያ ነው። ሎሚ ይታገሣል፤ ፓፓያ ይጠብቃል፤ ዘይቱናን ባለቤቱ ቢረሳው የሰፈር ልጅ አይረሳውም። ባሚያ ግን አበባውን ጠዋት ከፍቶ በዚያው ቀን ያጥፈዋል፤ ከዚያ በአራት፣ ቢበዛ በስድስት ቀን ፍሬው ለድስት ደርሷል። ከዐሥር ሳንቲ ሜትር ብዙ ካለፈ ደግሞ ወደ እንጨትነት ይጓዛል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ወሰኑን ያለፈውን ፍሬ ነው። ናሙናው አንድ ግቢ ነበር፤ አንድ ግቢ ለሳይንስ አይበቃም የሚል ሥጋት ስላደረብን የጎረቤቱም ተጨምሯል፤ አጥሩ ዝቅ ያለ በመሆኑ ተጨማሪ ወጪ አላስከተለም።

ስለ ተክሉ ራሱ ብዙ አንቆይም። ዘመዶቹ ጥጥና ከርከዴ ናቸው፤ ስለዚህ ቃጫ የመሆን ዝንባሌው ከቤተሰብ የመጣ እንጂ በክፉ ጓደኛ የተለመደ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ መነሻቸው ይህ አካባቢ ነው ካላቸው ሰብሎች ተርታ አስገብቶታል፤ ወደ ህንድ የሚጎትቱትም አሉ። ክርክሩ ሳይቋጭ ተክሉ ሙቀት ባገኘበት ሁሉ መብቀሉን ቀጥሏል። አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ያደነዝዘዋል። ድሬ ላይ ዘሩን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድረው ቢተክሉት ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ያፈራል፤ ከዚያም ከባለቤቱ ቁመት በላይ ይሄዳል።

ዋናው ጥያቄ ሁሉም ሰው እያየው ፍሬው እንዴት ያረጃል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ምክንያት የተክሉ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ፍሬው ከግንዱ የተጠጋ፣ የሁለቱም ቀለም አንድ ነው፤ በዚያ ላይ ሰውነቱ ላይ ያለው ጥቃቅን ጸጉር ክንድን ስለሚያሳክክ ሰው ቅጠሉን ገልጦ ለማየት አይቸኩልም። ሁለተኛው ምክንያት የሰዓት ነው። ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ይሮጣል። ቀትር ላይ ፀሐዩ አያስወጣም። ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ ማለትም የጫት ሰዓት ነው፤ በርጫ ላይ ስለ ባሚያ መቆረጥ በሰፊው ይወራል፣ የሚነሳ ግን የለም። ማታ ጨለማ ነው። ባጠናናቸው ግቢዎች ለባሚያ ቆረጣ የተመደበ ሰዓት አልተገኘም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የከፋው ነው፤ ፍሬው በጊዜው ታይቶ መተዉ። አባወራው ጣት የምታህለውን ለጋ ባሚያ ያያታል፣ ያደንቃታል፣ «አቦ፣ ትንሽ ትጨምር» ብሎ ያልፋታል። ይህ ለዱባ የሚሠራ ሕግ ነው። ከዱባ ወደ ባሚያ የተሻገረው በማን ፈቃድ እንደሆነ ማጣራት አልተቻለም። ሰውየው ዳግም ጓሮ ሲወጣ የፍየል ቀንድ የመሰለ ነገር ሽቅብ ቆሞ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ምርመራ ይካሄዳል። ጫፉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይበላል፤ ከተለመጠ ነገሩ አብቅቷል። ምርመራው ቀላል፣ ነጻና የማያሳስት ነው፤ ውጤቱን የሚቀበል ግን የለም። «ስጋው ሲበስል አብሮ ይለሰልሳል» ይባላል። ስጋው ይበስላል፣ ቲማቲሙ ይጠፋል፣ ዝልግልጉ ይወጣል፣ ባሚያው እንደ ገባ ይኖራል። ምግቡ ከቀረበ በኋላ የተመጋቢዎችን ሁኔታ ተከታትለናል፤ የቤት ሰው ቃጫውን በግልጽ ያወጣል፣ እንግዳ ግን ዐይኑ ዕንባ እስኪያቀርር ይውጣል። ወጡ እንዴት እንደሆነ ሲጠየቅም «ይጣፍጣል» ስለሚል የእንግዳ ቃል ከመረጃው ውስጥ እንዲወጣ ተደርጓል።

ሌላ መውጫም ታስቧል። በምዕራቡ የአገራችን ክፍልና በሱዳን ባሚያን አድርቆ መውቀጥ የታወቀ ነው፤ ሱዳኖች ዱቄቱን ወይካ ይሉታል። ሆኖም ለዚያም ሙያ የሚመረጠው ለጋው ስለሆነ የእኛው ሽማግሌ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ.፣ ቡና የተቋረጠባቸው የደቡብ ግዛቶች ሰዎች የባሚያ ዘር ቆልተው ይጠጡ ነበር። ይህን ታሪክ ለእማወራዋ፣ የሐረር ቡና እየቆሉ ሳለ፣ በአክብሮት አቀረብን። ማንከሽከሻውን ሳያቆሙ «ጦርነቱ አላለቀም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

ስለዚህ የቀረው ዘር ነው። የዚህ ምልከታ ዋና ግኝት፣ በድሬዳዋ ያረጀ ባሚያ አለመኖሩ ነው፤ ያለው ለዘር የተተወ ባሚያ ብቻ ነው። ውሳኔው ሁልጊዜ የሚተላለፈው ፍሬው ካረጀ በኋላ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሶም ይሠራል፦ «እኔማ ሆን ብዬ ነው፤ ለዘር ነው።» አንድ ፍሬ ለአንድ ግቢ የሚተርፍ ዘር ይሰጣል፤ የጓሮው ግማሽ ለዘር የተተወበትን ምክንያት ስንጠይቅ ግን «ዘር መጥፎ ነው እንዴ?» የሚል መልስ ስላገኘን አልገፋንበትም።

ችግሩ ተክሉ ይህን ንግግር የምር መውሰዱ ነው። ዘር የያዘ ፍሬ ከላዩ ካልወረደለት ጉልበቱን ሁሉ ወደዚያው ያዞራል፤ አዲስ አበባና አዲስ ፍሬ ይቀንሳል። ዘሩ በበኩሉ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጣሳው ሲሞላ ለጎረቤት ይላካል። ጎረቤቷም «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበልና የራሷን ጣሳ ትልካለች። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ በአካባቢው የባሚያ ዘር ያጣ ቤት አልተገኘም፤ ለምሳ የሚሆን ባሚያ የፈለገ ሰው ግን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ ይወርዳል፣ እዚያም ዋጋ ይከራከራል።