የጠፉ የባች ልጆችን አፈላልጎ ለማገናኘት የወጣ አዋጅ

ስማ ያልሰማህ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ጋዋን ለብሰው የወጡ ተመራቂዎች «እንጠፋፋም» ተባብለው ከተጠፋፉ 25 ዓመት ያለፈ በመሆኑ፤ ከመካከላቸው ጥቂቶች ማንም ሳይሾማቸው፣ አበልም ሳይቆረጥላቸው ሌሎቹን ፍለጋ በመነሳታቸው፤ የቀሩትም «ግሩም ሐሳብ ነው፣ በርቱ!» ብለው ዳግም ድምፃቸው ባለመሰማቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ አንድ፦ ስለ ዘመን። አሜሪካ ያሉት የባቹ ልጆች በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጥረው ራሳቸውን «የ2000 ባች» ማለታቸውን ያቁሙ። በዚህ ስም የተከፈተ የቴሌግራም ግሩፕ በ2000 ዓ.ም. የተመረቁትን፣ ማለትም ባቹ ጋዋን ሲለብስ ገና ሰባተኛ ክፍል የነበሩትን ሁሉ ይሰበስባል። እነዚህ ልጆች «እናንተን አናውቃችሁም» ቢሉ ትክክል ናቸው። ስብሰባም «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ሲጠራ፣ አዲስ አበባ እራት በቀረበበት ሰዓት ዋሽንግተን ያለው ምሳው ላይ መሆኑ ይታወቅ።

አንቀጽ ሁለት፦ ስለ ስም። አፈላላጊው የሚያስታውሰው «ቄሱ»ን፣ «ጂንካ»ንና «ሰዓቱ ስንት ነው»ን ብቻ ስለሆነ ቅጽል ስም ሕጋዊ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በመዝገብ ስም ፍለጋው አስቸጋሪ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ስለሚገባ፣ ባሕር የተሻገረው ሰው ብዙ ጊዜ በአያቱ ሲጠራ ይገኛል፤ አራት ዓመት አብሮት ያደረው የዶርም ጓደኛው ደግሞ የአያቱን ስም ሰምቶ አያውቅም። በዚህ ረገድ አገር ቤት ያሉት ሴቶች ባለውለታ ናቸው፤ ቢያገቡም የአባታቸውን ስም ስለማይጥሉ ቶሎ ይገኛሉ።

አንቀጽ ሦስት፦ ስለ ስልክ። ሞባይል አገር ውስጥ የገባው በ1991 ዓ.ም. ቢሆንም ተማሪ እጅ አልደረሰም ነበር። ስለዚህ በባቹ ማስታወሻ ደብተሮች ውስጥ ያለው ባለ ስድስት አሃዝ የወላጅ ቤት ስልክ ነው። ይህም በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ሰባት አሃዝ ስለሆነ፣ አፈላላጊው ከፊቱ የጎደለውን አንድ አሃዝ እየገመተ ይደውላል። ዕድል ከቀናው እናት ያነሳሉ። እናት ሲያነሱ መቸኮል ክልክል ነው። ማን መሆኑን፣ የማን ልጅ መሆኑን፣ ማግባቱን፣ ስንት መውለዱን፣ ለምን እስከዛሬ እንደጠፋ በቅደም ተከተል ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ቁጥር ግን አይሳሳትም። በዚህች አገር ከእናት የተሻለ ሬጅስትራር የለም፤ አፈላላጊዎቹ ይህንን ያለ ድምፀ ተዓቅቦ አጽድቀዋል።

ከ25 ዓመት በኋላ የሚደውል ሰው ብድር ፈላጊ፣ ኢንሹራንስ ሻጭ ወይም ሰንሰለታዊ ንግድ መልማይ ተደርጎ ይገመታል። ግምቱ ፈራሽ የሚሆነው ደዋዩ ከሰላምታ ቀጥሎ «ገንዘብ አይደለም» ሲል ነው። (የመዋጮው ነገር በሁለተኛው ጥሪ ይነሳል።)

ባለሥልጣን የሆነ የባች ልጅ በጸሐፊው በኩል «ጉዳዩ ምንድን ነው?» ማሰኘት አይችልም። በተደራራቢ አልጋ ከላዩ ተኝቶ ሲያንኮራፋ የሰማውን ሰው አንቱ ማለትም ተከልክሏል።

አንዳንዴ ስልኩን ሚስት ወይም ልጅ ያነሳና «አርፏል» ይላል። በዚህ ጊዜ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ይቆማል። አፈላላጊው ነፍስ ይማር ይላል፣ ቤቱን ይጠይቃል፣ ለብቻው ሳይሆን ያገኛቸውን ይዞ ይሄዳል። የሟቹ ስም ከዝርዝሩ አይሰረዝም።

ምሕረትን በተመለከተ፦ ከኬኔዲ ላይብረሪ ወጥተው ያልተመለሱ መጻሕፍት የሚመለሱ ከሆነ ማን እንደወሰዳቸው አይጠየቅም። ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያላገኘ አፍቃሪም አቤቱታ ማቅረብ አይችልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለውል ያስቀመጠው የ10 ዓመት ይርጋ እንኳ ሁለት ጊዜ አልፎታል።

አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ማንኛውም የባቹ ልጅ እስከ ፊታችን እሑድ ቢያንስ የአንድ የጠፋ ጓደኛውን ቁጥር ለአፈላላጊዎቹ ያስረክብ፤ ቁጥር የሌለው የጓደኛውን ወላጆች ሰፈር ይጠቁም።