የትርጉም ያለህ!

በአዲስ አበባ በየታክሲ ተራውና በየሰፈሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ያለ ደመወዝ ከጠዋት እስከ ማታ የሴት ውበት ሲመዝኑ ለሚውሉ ወንድሞቻችን አገር አንዲት ሜዳሊያ አለመሸለሟ ያሳዝናል። ጭራሽ ልፋታቸውን «ለከፋ» ብላ ስም አወጣችለት። እነሱ ግን ጨዋ ናቸውና የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የለከፋና የአድናቆት ድንበር የቱ ነው? ይተርጎምልን!» እውነትም፣ ትርጉም ሳይሰጠው ሰው እንዴት አፉን ይሰብስብ?

ደግነቱ ድንበሩን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «የኔ ማር» የተባለችው ልጅ ዝም ብላ ካለፈች፣ አሥር እርምጃ ሳትርቅ ማሩ እሬት ይሆንና «ደግሞ ለዚህ መልክሽ!» ትባላለች። መልስ ሲያጣ ወደ ስድብ የሚዞር አድናቆት ከብድር በምን ይለያል? ያቺው ልጅ ከአባቷ ጋር ስታልፍ ደግሞ የውበት ሊቁ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። አጠገቧ ያለው ወንድሟ መሆኑን ዘግይቶ ካወቀም «ይቅርታ ወንድሜ፣ ካንተ ጋር መሆኗን አላየሁም» ይላል። ይቅርታው ለባለንብረቱ እንጂ ለተለከፈችው አይደለም። ለሴቷ ሲሆን የጠፋው ድንበር፣ ወንድ ብቅ ሲል ከየት ተገኘ?

«ታዲያ ሰላምታም ይከልከል?» የሚሉ አሉ። ሰላምታ መልስ ቢያጣ መንገዱን ይቀጥላል፤ እጅ አይጎትትም፣ እስከ ቤት በር አይከተልም። «አለባበሷ ነው» የሚሉትም ነጠላ ተከናንባ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰውና ዩኒፎርም የለበሰችው ተማሪ ለምን እንዳልተረፉ ቢነግሩን መልካም ነበር። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም ቃልንም ምልክትንም አካቶ፣ መለኪያውን ፈቃድ አድርጎታል። ሊቆቻችን እንደሚሉት ከሆነ ግን ቢሮ ውስጥ ነውር የነበረው ነገር አስፋልት ሲረግጥ ምርቃት ይሆናል።

አማርኛ ጋኔን የያዘውንም «ተለከፈ» ይላል። በዚያኛው ልክፍት ጠበል የሚወሰደው የተለከፈው ነው። እኛም ልማዱን ጠብቀን «መንገድ ቀይሪ፣ ቀሚስ አስረዝሚ» እያልን መድኃኒት የምናዘው ለተለከፈችው ነው። ለካፊው ትርጉሙ እስኪደርስለት ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ።