ፓራውልቱ ጭነት ላይ ነበር

ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ከፊትህ ያለውን መኪና የምታውቀው በጭሱ ሽታ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻም ለዛሬ ተሳቢ ተብሎ አልተለካም። ጓደኛዬ ሃይሉክሱን ከዋሻው አፍ አጠገብ ቀስ አድርጎ አቆመ። ከፊታችን ቢራ የጫነ አይሱዙ አለ፤ ከዋሻው ውስጥ ደግሞ ተሳቢ እየወጣ ነው። አይሱዙው መንገድ ሊለቅለት የኋላ ማርሽ አስገባ። ጓደኛዬ ክላክሱን ተጫነው። ሾፌሩ በኋላ እንደነገረን ክላክሱንስ ሰምቶታል፤ «ና፣ ና፣ ቦታ አለህ» የሚሉት መስሎት ነው።

አሳዛኙ ነገር፣ ጓደኛዬ ከሶማሌ ተራ የገዛው ወፍራም የብረት ፓራውልት ከነላስቲኩ ጭነት ላይ ተኝቷል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሊያስገጥመው ነበር። ሃይሉክሱ ጋሻውን በጀርባው አዝሎ ጦሩን በግንባሩ የተቀበለ ወታደር ሆነ።

የፕላስቲኩ ፓራውልት ተሰባብሮ ወደቀ፤ ራዲያተሩ ተረፈ። ክርክሩን ልዝለለው። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ የአይሱዙው ሾፌር በታላቅ ፍቅር ተከተለን፤ መንጃ ፈቃዱ ጓደኛዬ ኪስ ውስጥ ነበር።

ደብረ ሲና መኪና ቆሞ ቆሎ ሻጭ የማይመጣበት ቦታ የለም፤ ጋራዡም ቢሆን። አዲሱ ፓራውልት ሲወርድ እኛን የከበበው ሕዝብ ለሠርግ ይበቃል። የቀኙ ብሎኖች ሰተት ብለው ገቡ። በግራ ግን የፓራውልቱና የሻንሲው ቀዳዳ በሁለት ጣት ተራርቀዋል። ምክር ዘነበ። አንዱ «ቀዳዳውን በጋዝ አስፋው»፣ ሌላው «ሮንዴላ ደርድርበት»፣ ሦስተኛው «ሁለት ወፍራም ሰው ይቁምበት» አለ፤ ይህን ሲል እኔን አየኝ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ብቻ ራቅ ብላ ቆማ፣ «ፓራውልቱ ምን አጠፋ የኔ ጌታ? መኪናው ነው አንገቱን የጠመዘዘው» አለች።

ባትላሜራው፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሸምገል ያሉ ሰው፣ ቀና ብለው አዩዋትና «እሷን ስሟት» አሉ። ከዚያ ሲባጎ አወጡ። ከቀኝ ሻንሲ ጫፍ እስከ ግራው የኋላ ቀዳዳ፣ ከግራው ጫፍ እስከ ቀኙ የኋላ ቀዳዳ በመስቀለኛ ለኩ። የግራው አጠረ። ጫፎቹን ትተው ከሞተሩ መቀመጫ ወደ ኋላ ሲለኩ ግን ሁለቱ እኩል ወጡ። «ጫፉ ብቻ ነው። ከዚህ አልፎ ቢሆን እኔም አልነካልህም፤ አዲስ አበባ ማሽን ላይ ውሰደው እልህ ነበር።» ጓደኛዬ «በእሳት አናግለው ጋሼ?» ሲላቸው ተቆጡ። ብረት ቀልቶ ከታጠፈ ይለሰልሳል፤ በሚቀጥለው ግጭት ሸክሙን አይችልም። ቀዝቃዛውን፣ በመሳብ ብቻ።

ባትሪው ተፈታ፤ አለዚያ ብየዳው ዲናሞውን ይበላዋል። በያጁ በተጨራመተው ጫፍ ላይ ወፍራም የላሜራ ጆሮ በየደ። የሃይሉክሱ ኋላ ከትልቅ ግንድ ጋር በሰንሰለት ታሰረ። ፊቱን የሚስበው ፓራንኮ ደግሞ የማይነቃነቅ ከባድ ነገር ይፈልጋል። ጋሼ ዙሪያቸውን ቃኙና ዓይናቸው ቢራ ከጫነው አይሱዙ ላይ አረፈ።

ይሄ ማለት እንግዲህ አይሱዙው እንደገና በኋላ ማርሽ ወደ ሃይሉክሱ መምጣት አለበት ማለት ነው። ጓደኛዬ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። የጋራዡ ልጆች ድንጋይ አነጠፉ፣ ቆሎ ሻጮች ሳይቀሩ «ቀስ! ቁም! ኧረ ቁም!» እያሉ መሩት። ቆመ። ሾፌሩ በጸጸት ተቃጥሎ «ጋሼ፣ እኔ የገፋሁትን እኔው ልሳበው፤ አንዴ ነዳጅ ብሰጠው ይወጣል» አለ። ጋሼ ሞተሩን አስጠፍተው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «አንተ ዛሬ ሥራህ መቆም ነው።»

ፓራንኮው ቅርጭጭ እያለ ሰንሰለቱን ወጠረ። ጋሼ ብረቱ ተወጥሮ ሳለ በጨራመታው ዙሪያ በመዶሻ ቀጥቀጥ ያደርጋሉ፤ እጥፋቱን ራሱን አይመቱትም። ፓራንኮው ሲላላ ብረቱ ትንሽ ተመለሰ። ደግመው ሲስቡት ከልኩ ጥቂት አሳለፉት፤ ያኔ ሲለቀቅ ተመልሶ ልኩ ላይ ተቀመጠ። ጓደኛዬ «አለፈ፣ አለፈ!» እያለ ሲጮህ ያልሰሙት ለካ ለዚህ ነው። ሲባጎው በመስቀለኛ እኩል ወጣ። ጆሮው በሞላ ተቆርጦ፣ የተቀባው ጸረ ዝገት እስኪደርቅ ቆሎአችንን ቆረጠምን፤ ከዚያ የግራው ብሎን በጣት ዞሮ ገባ። ምክር የሰጡት ሁሉ እርስ በርስ ተመሰጋገኑ።

የአይሱዙው ሾፌር የጋሼን ሒሳብ ከፍሎ መንጃ ፈቃዱን ሲቀበል አዲሱን ፓራውልት በእጁ መታ መታ አደረገና ጓደኛዬን «ወንድሜ፣ ለኋላ የሚሆንስ ያገኙ ይሆን?» ሲል ጠየቀው። እሱ ቀድሞ እንዲሄድ ተስማማን፤ እኛ ሌላ ቆሎ ገዛን።