ለእንቁጣጣሽ የተቀባ መቃን

ነሐሴ ሲገባደድ አዲስ አበባ ውስጥ የዶሮ ዋጋና የቀለም ሽታ አብረው ይነሳሉ። ክረምቱን ሙሉ በሩን ዞር ብሎ ያላየ ሁሉ ቡሩሽ ይዞ መቃኑ ላይ ይዘምታል። ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ ሲጠጣ የከረመውን እንጨት፣ ፀሐይ ብልጭ ያለችበትን አንድ ከሰዓት ጠብቆ፣ ላዩ ደረቅ ሲል በዘይት ቀለም ይለብጠዋል። ውሃው ውስጥ ቀረ፤ መውጫውም ተደፈነ። ከዓመት ዓመት እንጨት ለመቀባት የማይመቸውን ሳምንት ሳይስቱ ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

እንግዳ ይመጣላ! ችግሩ እንጨት የሚበሰብሰው እንግዳ በማያየው በኩል መሆኑ ነው። እንጨት ውሃን ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ ይስባል፤ የመቃኑ ጫፍ ደግሞ ያለው ከታች፣ ሊሾው ውስጥ ነው። ግንበኛው "ይጠንክር" ብሎ በሲሚንቶ ቀብሮታል። ሲሚንቶው የመሬቱን እርጥበት እየሳበ ያቀብለዋል፣ እንጨቱም ይጠጣል። አበስባሹ ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ቢሆን ኖሮ አይንቀሳቀስም ነበር።

በሰፈራችን አንዲት እናት በራቸው አልገጥም ብሎ አናጺ አስጠሩ። መቃኑ ከተቀባ ገና ወር አልሞላውም፣ ያብለጨልጫል። አናጺው ከወለሉ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ካቻቢቴውን ቢያስጠጋው እስከ እጀታው ሰመጠ። መዞ ሲያወጣው ቡናማ እርጥብ ብናኝ ተከትሎት ወጣ።

"እትዬ፣ ይኼ እኮ የቆመው በቀለሙ ነው።"

"ምስጥ ነው በለኛ!"

"የምን ምስጥ? ምስጥ ቢሆን የአፈር መንገዱን ሠርቶ እናየው ነበር። ውሃ ነው።"

"ከየት የመጣ ውሃ?"

አናጺው ወደ ቆርቆሮው ጫፍ ቀና አለ። አሸንዳ የለም። ጠብታው ከላይ ወርዶ ደረጃው ላይ ይፈርጥና ተመልሶ መቃኑን ይረጫል። በበጋ ደግሞ ዝናቡን የሚተኩት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፉን በባልዲ ውሃ ያጥባሉ። ደረጃው ወደ ቤት ያዘመመ ስለሆነ ውሃው የሚተኛው መቃኑ ሥር ነው።

በዚህ መሐል መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት አለ። ለአጥር እንጨት ይሁን እሺ፤ ዘይት የጠጣ መቃን ግን ከዚያ ወዲያ ቀለም አይዝም፣ የእንግዳውንም ነጠላ አይምርም። ሌላው "ድሮ ቢሆን ጥድ ነበር" ብሎ ተከዘ። ጥድ በእርግጥ ይችላል፤ ቢሆንም ከእንጨቱ ዓይነት በፊት ጣሪያው ይጠየቃል። ላሊበላ አቅራቢያ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደታነጸ ይነገራል፤ ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው፣ እንጨቱም ዛሬ ድረስ አለ። የታነጸው ዋሻ ውስጥ ነዋ፣ ዝናብ የት ያገኘዋል!

አናጺው ዋሻ አልጠየቀም። የበሰበሰውን ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ልቁረጠው፣ ቅጥሉን ውሃ ወደ ውጭ እንዲያንሸራትት በሰያፍ ልግጠመው፣ ጫፉን ሳልገጥም በፊት ፀረ ብስባሽ ላጠጣው፣ እግሩም ሊሾውን ሳይነካ የጣት ያህል ከፍ ይበል አለ። ደረጃው ወደ ውጭ ያዘንብል፣ አሸንዳም ይግባ።

"ቀለሙስ?" አሉ እትዬ፤ የገባቸው ይኼኛው ነው።

"ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ በደንብ ሲደርቅ። ገናም አለ፣ ጥምቀትም አለ፤ በዓል አይጠፋም።"

"እስከዚያ ድረስ ቤቴ ጥርሱ እንደወለቀ ይክረም?"

አናጺው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ማታ ቀቢው ተጠርቶ መጣ፣ ጎድጓዳውን በጣቱ ለካው፣ ሁለት ኪሎ ስቱኮ እንደሚበቃውም አረጋገጠላቸው።