ድርሳነ ኪራይ፦ ባለቤቱ ውጭ ስለሆነ ቤት የቀረበ ሊቃዊ ሐተታ

መቅድም

ጠቢባን ስለ ከዋክብት ጽፈዋል፤ ስለ ባሕር ጥልቀት ጽፈዋል፤ ስለ ነፍስ ባሕርይም ጽፈው ተከራክረዋል። በቴሌግራም ስለሚከራይ፣ በምድር ላይ ግን ስለማይገኝ ቤት እስከ ዛሬ አንድም ሊቅ ብዕሩን ሲያነሣ አላየሁም። ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣሁ እኔ፣ የዚህ ድርሳን ደራሲ፣ ለጥናቱ 24 ሺህ ብር ከግል ኪሴ አውጥቻለሁ። ገንዘቡ ለጥናት እንደሚውል በጊዜው አላውቅም ነበር። ድርሳኑ የተጻፈው በታላቅ እኅቴ ሳሎን፣ በሶፋዋ ላይ ነው፤ ለምን በዚያ እንደተጻፈ አስተዋይ አንባቢ ንባቡን ሳይጨርስ ይደርስበታል።

ምዕራፍ አንድ፦ ጥንተ ነገሩ

ሊቅ የተባለ ሰው ስለ ትናንት ሳያወራ ስለ ዛሬ አይናገርም። ስለዚህ ከ1967 እንነሣ። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለብዙው የአዲስ አበባ ተከራይም አከራዩ ቀበሌ ሆነ። በቀበሌ ላይ ብዙ ይባላል፤ ያም ሆኖ የት እንዳለ የታወቀ አከራይ ነበር። ቢሮ ነበረው፤ ሊቀ መንበር ነበረው፤ ማኅተምም ነበረው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ ተሞክሮ ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ ኮዬ ፈጬ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ደግሞ አዲስ ፍጥረት ይዞ መጣ፦ ዕጣ የወጣለት፣ በዕጣው ቤት ግን የማይኖር ባለቤት። አንዳንዱ ሌላ ሰፈር ይኖራል፤ አንዳንዱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ነው፤ ቤቱን የሚያከራይለት ወንድሙ፣ አክስቱ ወይም ደላላ ነው።

የጥናቴ ቀዳሚ ግኝትም ከዚህ ይመነጫል። «ባለቤቱ ውጭ ነው» የሚለው ቃል እንደ ውሸት የሚያገለግለው ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ ነው። አታላይ የራሱን ውሸት ለመሥራት አይደክምም፤ የሌላ ሰው እውነት ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ኪራይም አይከፍልም።

ምዕራፍ ሁለት፦ ንባብና ትርጓሜ

አባቶች መጻሕፍትን በአንድምታ እንደተረጎሙ፣ እኔም በጥናቴ ዋዜማ ስልኬ ላይ የደረሰውን ጽሑፍ ቃል በቃል እተረጉማለሁ። ንባቡ እንዲህ ይላል፦ «የሚከራይ ባለ 2 መኝታ። ቦሌ። ሙሉ ዕቃ ያለው። 12 ሺህ ብር። ባለቤቱ ውጭ ነው። ብዙ ሰው ጠይቋል። ከደላላ ነፃ። በውስጥ መስመር ብቻ።»

«ቦሌ»፤ ስለምን ቦሌ አለ ቢሉ፣ ቦሌ ሰፊ ነውና። ኤርፖርቱም ቦሌ ነው፤ ቡልቡላም ቦሌ ነው፤ አራብሳም ቦሌ ይባላል። የሳይት ስምና የብሎክ ቁጥር የሌለው ቦሌ ግን የትም አይደለም።

«12 ሺህ ብር»፤ ርካሽ ነው ሲል ነው። አንድም፣ ወጥመድ ያለ ሥጋ አይጠመድም ሲል ነው። ሐተታ፦ በዚያው ሰፈር ሦስት ቤት ጠይቅ። ዋጋው ከሦስቱም በግማሽ ካነሰ፣ የተቀነሰልህ ቤቱ ራሱ ነው።

«ባለቤቱ ውጭ ነው»፤ አሜሪካ ነው ሲል ነው። አንድም፣ አታገኘውም ሲል ነው። አንድም፣ ቤት ስለሌለው ውጭ ነው።

«ብዙ ሰው ጠይቋል»፤ ፍጠን ሲል ነው። አንድም፣ ብዙ ሰው ከፍሏል።

«ከደላላ ነፃ»፤ ኮሚሽን የለም ሲል ነው። አንድም፣ ምስክር የለም። ደላላ ቢከፋም ፊት አለው፤ ጠዋት ጠዋት ቡና የሚጠጣበት ጀበና ይታወቃል፤ ብትጣላው እንኳ የት እንደምትጣላው ታውቃለህ።

«በውስጥ መስመር ብቻ»፤ ጭምት ነኝ ሲል ነው። አንድም፣ ኮመንቱን የዘጋሁት ትናንት የተበላው ለዛሬው እንዳይነግረው ነው።

ይህን ትርጓሜ የደረስኩበት ከፍዬ ካበቃሁ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ትርጓሜ ጊዜ ይወስዳል።

ምዕራፍ ሦስት፦ ሥነ ሶኬት

ከማስታወቂያው ጋር ስድስት ፎቶ ተልኮልኝ ነበር። በፎቶ የሚላክ ቤት የሚመረመርበትን ጥበብ ሥነ ሶኬት ብዬዋለሁ፤ ዋና መሣሪያው ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ነውና። በሀገራችን ቤት ሶኬት ክብ ቀዳዳ አለው። በፎቶው ላይ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካየህ፣ ሳሎኑ ያለው ለንደን ወይም ዱባይ ሊሆን ይችላል። በመስኮቱ ሥር ነጭ የብረት ማሞቂያ ተደርድሮ ከታየህም አስብ፤ የአዲስ አበባ ሰው የሐምሌን ብርድ በጋቢ ያሳልፋል እንጂ ግድግዳውን አያሞቅም። የወጥ ቤቱ ፎቶ ላይ ደግሞ ከሚታየው ይልቅ የማይታየውን ፈልግ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጄሪካን የሌለበት ወጥ ቤት፣ ማንም ያልኖረበት ወጥ ቤት ነው።

የእኔው ፎቶ በመስኮቱ በኩል ሰፊ ሰማያዊ ውኃ ያሳይ ነበር። ለገዳዲ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ክረምት ስለነበር ግድቡ ሞልቶ ቦሌ ድረስ የሚታይ መስሎኝ ነበር። በኋላ ፎቶውን በጉግል ሌንስ ስፈልገው፣ በባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል ሆኖ ተገኘ። አንባቢ ይህን ፍለጋ ከክፍያ በፊት እንዲያደርገው እመክራለሁ፤ ውጤቱ ያው ነው፣ ወጪው ግን ይለያል።

ምዕራፍ አራት፦ የአታላይ ነገዶች

አታላዮች በሦስት ነገድ ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ቤት የለሽ አከራይ ነው። ይህ የፎቶ ነጋዴ ሲሆን፣ ብርሃን እንደሚሸሽ ፍጥረት የእግር ኮቴ ሲሰማ ይጠፋል። «ልመጣ ነው» ስትለው ቁልፉ ዘመድ ጋ ነው፤ ዘመዱ ለቅሶ ሄዷል፤ ለቅሶው ክፍለ ሀገር ነው።

ሁለተኛው ባለ ቁልፍ አታላይ ይባላል፤ ከሁሉ የረቀቀው እርሱ ነው። ዕቃ የተሟላለትን ቤት ለጥቂት ቀናት በእንግድነት ይከራይና፣ በእነዚያ ቀናት በሩን እየከፈተ ለአሥር ሰው ያሳያል፤ ከአሥሩም ቀብድ ይቀበላል። ቤቱን በዓይንህ አይተሃል፤ ሶፋው ላይ ተቀምጠሃል፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ነገድ መድኃኒቱ ወረቀትና ጎረቤት ነው። የቤቱን ካርታ ወይም የባንክ ውል ጠይቅ፤ ወኪል ነኝ ካለ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ይዞ ይምጣ፤ በካርታው፣ በመታወቂያውና ገንዘብ በምትልክበት አካውንት ላይ ያለው ስም ይግጠም። ከዚያ ወርደህ ጥበቃውን ሰላም በለው፤ የብሎኩን ኮሚቴ ጠይቅ። በአንድ ሳምንት አሥር እንግዳ ያስተናገደ በር ከጥበቃ ዓይን አያመልጥም።

ሦስተኛው የማሳያ ሰብሳቢ ነው። ቤት አያከራይም፤ ቤት የማየት ተስፋን ያከራያል። «መጀመሪያ ትንሽ ብር ላክና አድራሻውን እልክልሃለሁ» ይላል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ማንም ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ የሙያው ምሥጢርም ይኸው ነው።

ከባሕር ማዶ ለበዓል ቤት የሚፈልግ ወገን በእግሩ መምጣት ስለማይችል፣ የአክስቱን ልጅ ይላክ። አክስት የሌለው በቀጥታ ቪዲዮ ይደውልና አከራዩን ቧንቧ እንዲከፍት፣ ከደጅ ወጥቶም የብሎኩን ቁጥር እንዲያሳይ ይጠይቀው። የተቀዳ ቪዲዮ ቧንቧ ክፈት ሲሉት አይሰማም።

ምዕራፍ አምስት፦ ሕግና ቀብድ

የእኔው አከራይ ሕግ አዋቂ ነበር። የስንት ወር ልክፈል ብዬ ስጠይቀው፣ «ሕጉ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም፤ እኔ ደግሞ ሕግ አከብራለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቅድሚያ ክፍያውን በሁለት ወር ኪራይ ይገድበዋል። ያው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብም ያዝዛል፤ አከራዬ ግን እዚያ አንቀጽ ሳይደርስ ንባቡን አቆመ። ገንዘቡን ስልክ የሴት ስም መጣብኝ። «እኅቴ ናት» አለኝ። እኔም የእኅትን ዋጋ የማውቅ ሰው ነኝና ላክሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ይደነግጋል። በስሌቴ መሠረት የ48 ሺህ ብር ባለመብት ነኝ፤ በወረቀት ላይ እንደዚህ ሀብታም ሆኜ አላውቅም። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 692 አታላይን እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። ሁለቱም ሕጎች ግን ተከሳሹ ፊትና አድራሻ ያለው መሆኑን ይገምታሉ። ስለዚህ የተበላ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ይሂድ። ከዚያም በፊት የመልእክቱንና የደረሰኙን ስክሪንሾት ያንሣ፤ በቴሌግራም አንዱ ወገን ጽሑፉን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላልና። በማግስቱ «የተበላብህን ገንዘብ በትንሽ ክፍያ አስመልስልሃለሁ» የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ ያው ሰውዬ ሸሚዝ ቀይሮ መጥቷል ብሎ ይመን።

ከዚህ ሁሉ ጥናት የቅደም ተከተል ሕግ ብዬ የሰየምኩት አንድ ሕግ ይወጣል፦ እግር ይቀድማል፤ ወረቀት ይከተላል፤ ገንዘብ ከቁልፍ ጋር እጅ በእጅ ይለዋወጣል። የማታለል ጥበብ በሙሉ፣ ፎቶውም መሐላውም ጥድፊያውም፣ ይህን ሰልፍ ለመገልበጥና ገንዘብን ከእግር ለማስቀደም የሚደረግ ድካም ነው።

ማጠቃለያ

የመጨረሻውን አራት ነጥብ ሳስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። «ባለ 1 መኝታ። ሰሚት። ፀሐይ የሚገባበት። ባለቤቱ ውጭ ነው።» ወዲያው መነጽሬን አድርጌ «ፀሐይ የሚገባበት» የሚለውን በአንድምታ መተርጎም ጀመርኩ፤ ፀሐይ እንጂ ተከራይ አይገባበትም ሲል ይሆን?

እኅቴ ሽሮዋን እያማሰለች ወጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና በድምፅ መለሰች፦ «ወንድሜ፣ እኛም ሰሚት ነን። አሁን በእግራችን እየመጣን ነው፤ ብሎክ ስንት ነው?»

ሽሮው ሳይፈላ አካውንቱ ጠፋ። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ምድጃዋ ሄደች። ከበሩ ዞር ብላ፣ «አንተ፣ ለመሆኑ ያንን የቦሌውን ሄደህ አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

ጥያቄው ከዚህ ድርሳን ወሰን ውጭ በመሆኑ አልመለስኩትም።