ቤቷን ተሸክማለች ለምትሉኝ

«ኤሊ ደግሞ ምን ቤት ያስፈልጋታል? ቤቷን ተሸክማ አይደል የምትዞረው!» ይሉኛል ጋሼ፣ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ። አይ ጋሼ! የተሸከመችው ቤት አይደለም፤ የራሷን አጥንት ነው። ከላይ የሚያዩት ድንጋይ መሳይ ነገር የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ተጋጥመው የሠሩት ነው። ሲነኳት ይሰማታል፣ ሲሰነጠቅ ይደማል። እርስዎስ የጎድን አጥንት አለዎት አይደል? ታዲያ በየወሩ የቤት ኪራይ ለምን ይከፍላሉ? አጥንት ከብርድ አያድንም። ኤሊ ሙቀቷን የምትወስደው ከውጭ ነው፤ ውጭው ከቀዘቀዘ እሷም ትቀዘቅዛለች፣ የበላችውም ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ስለዚህ ቤት ያስፈልጋታል፤ ያውም እሷ ከመምጣቷ በፊት ሥራው ያለቀ ቤት።

እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ልጆቻችን ኤሊ ሲለምኑን፣ ገበያ ላይ በርካሽ የምትገኘው ብዙ ጊዜ ሱልካታ የምትባለው ናት። ሱልካታ ደግሞ ባዕድ አይደለችም። የዘር አገሯ ከሴኔጋል ተነሥቶ በሰሃራ ደቡብ ጫፍ እየተዘረጋ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል። የአገራችን ልጅ ናት። የአገር ልጅ በአገር ልጅ ቤት ተጎሳቁላ ስትኖር ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ ምላሴ የሚረዝመውም ለዚህ ነው።

«የአገር ልጅ ከሆነችማ ስመለስ አንዷን በሻንጣ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ አንዱ ዘመዴ። በሻንጣህ በርበሬና ሽሮ አምጣ! ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከዱር ተይዞ ለንግድ ወደ ውጭ የሚወጣ ሱልካታ ኮታው ዜሮ ነው። በተወለደችበት ምድር ቁጥሯ እየመነመነ ያለች ፍጥረት ናት። አገር ቤት መንገድ ላይ ኤሊ ካገኘህም መኪናህን አቁም፣ ወደምትሄድበት በኩል አሻግራትና መንገድህን ቀጥል። ለቤት የምትሆነው ሰው እጅ ላይ የተፈለፈለችው ብቻ ናት።

«ይቺ መዳፍ የማትሞላ ምን ቦታ ትፈጃለች?» እሺ፣ እንነጋገር። ስትፈለፈል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት፤ እውነት ነው። አድጋ ግን ቅርፊቷ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወንዱ በቀላሉ ከ45 ኪሎ ያልፋል፣ ኩንታል የሞላም አለ። ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ግዙፎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛው ትልቅ የየብስ ኤሊ ይህ ነው። አንተ የለካኸው መዳፍህን ነው፤ እኔ ግቢህን ለካ እልሃለሁ።

«አንድ የመስታወት ሣጥን ገዝተንላታል» ላላችሁኝ ደግሞ፦ መልሱት። ኤሊ መስታወት አይገባትም። ወዲያ ማዶውን እያየች መድረስ ሲያቅታት ጠርዙን ስትገፋና ስትቧጥጥ ትውላለች። ለትንሿ ከእንጨት የተሠራ፣ ግድግዳው የማያሳይ፣ ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይሻላታል። ያም ቢሆን ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነው። «ሳሎን ውስጥ ትንጎራደድ» ላሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ሴራሚኩ ያንሸራትታታል፣ የወደቀ ሳንቲምና የፀጉር ማስያዣ ትውጣለች፣ እንግዳ ይረግጣታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ሣጥኑን መስኮት ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ፀሐይ እንደ ልብ ነው» ትላለች እህቴ። የእኔ እመቤት፣ እማማ አንቺን ፀሐይ ስታሞቅሽ በመስኮት መስታወት ጀርባ ነበር እንዴ? ደጅ አውጥታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ገላሽን ገልጣ ነው እንጂ! ዩቪቢ የሚሉት አጥንት የሚያጠነክረው ጨረር የመስኮት መስታወት ሲያጋጥመው እዚያው ይቀራል። ያለ እሱ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ ያለ ቫይታሚን ዲ የበላችው ካልሲየም አጥንቷ ጋ አይደርስም። ያኔ ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ እግሯ ይጣመማል፣ መራመድ ያቅታታል። ደግሞም በጋ ላይ መስኮት ሥር የተቀመጠ ሣጥን ያቃጥላታል። ስለዚህ ከበላይዋ ረጅም የዩቪቢ መብራት ይሰቀልላት፤ ቀን 12 ሰዓት ያህል ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። «አምና የገዛሁት ነው፣ እስካሁን ያበራል» አትበይኝ። ዓይንሽ የሚያየው ብርሃንና እሷ የምትፈልገው ጨረር ለየብቻ ናቸው፤ መብራቱ እየበራ ጨረሩ ያልቃል፤ አምራቹ በጻፈው ጊዜ ቀይሪው።

ሙቀቱም በአንድ ወጥ ልክ አይሁን። የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ጫፍ 27 አካባቢ ይሁን፤ ሲሞቃት ወዲያ ሲበርዳት ወዲህ መምረጡን ለእሷ ተዉላት። የምትለኩትም እሷ በምትቆምበት ከፍታ፣ በቴርሞሜትር ነው። «እጄን ሳስገባው ሞቅ ይላል» የሚል መለኪያ የለም።

«የበረሃ ፍጥረት እርጥበት ምን ያደርግላታል?» ያለኝ ሰው በረሃውን ከላይ ብቻ ነው ያየው። ሱልካታ ቀኑ ሲከር ጉድጓዷ ውስጥ ናት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው። ብዙ ቤት የምናያቸው፣ ጀርባቸው ላይ ጉብታ ጉብታ የወጣባቸው ኤሊዎች ልጅነታቸውን በደረቅ አየር ያሳለፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በእነዚሁ በሱልካታ ጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል፤ ጉብታውን በዋናነት የሚያመጣው የአየሩ ድርቀት እንጂ የምግቡ ፕሮቲን አለመሆኑን አሳይቷል። ጉብታው አንዴ ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ አሸዋ ሳይሆን ነካ ሲያደርጉት ርጥብ የሚል አፈርና የኮኮናት ገለባ ይነጠፍ፣ በሞቃቱም በቀዝቃዛውም በኩል መደበቂያ ይኑራት።

ትንሿን በየዕለቱ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፏት፤ ውሃው ከአገጯ በታች ይሁን። እዩዋት እስቲ፦ መጀመሪያ ቆም ትላለች፤ ከዚያ አንገቷን ዘርግታ አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ትነክርና ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ ትጠጣለች። ትንሽ ቆይታ ሽንቷን ትለቃለች፤ አብሮትም ነጭ ነገር ይወጣል። ያ ነጭ ልስልስ ከሆነ ውሃ አላነሳትም፤ እንደ ደቃቅ ጠጠር ከሻከረ ግን ጠምቷት ነው የከረመችው። በዚህ አምስት ሳንቲም በማይጠይቅ ምርመራ ጥማቷ አስቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ የምትዘፈዘፍበት ሳፋ የራሷ ይሁን፤ የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይሆንም! ኤሊ በሽታ የሚያመጣውን ሳልሞኔላ ትይዛለች። የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባይነካት ይመረጣል። ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የከለከለችው በዚሁ በሽታ ሰበብ ነው። መዳፍ የምታክለዋን «ውሰዳት» የሚላችሁን ነጋዴ ይህን ሕግ ጠይቁት።

«እንጀራ ትወዳለች፣ ሙዝ ስሰጣት ደስ ይላታል።» ልጅሽም ከረሜላ ሲሰጡት ደስ ይለዋል፤ ለምሳ ታቀርቢለታለሽ? የሱልካታ ሆድ የተሠራው ለሣርና ለድርቆሽ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ የውሻ ምግብ፣ አንዱም አይሁን። አቮካዶማ መርዝ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ አሜሪካ ውስጥ ጤፍ ለፈረስ ድርቆሽ ተብሎ ይዘራል፤ ለእሷም ይስማማታል። እንጀራው ለእኛ፣ ድርቆሹ ለእሷ።

«በረዶው ሲመጣ ትተኛለች አይደል? ጋራዥ ውስጥ እንተዋት።» ኧረ ተዉ! ክረምቱን ተኝተው የሚያሳልፉት የሩሲያና የሜዲትራኒያን ኤሊዎች ናቸው። ሱልካታ ከበረዶ አገር አልመጣችም፤ ተኝታ ማሳለፍ አታውቅበትም። ጋራዥ ውስጥ ስትደነዝዝ የምታዩዋት ተኝታ ሳይሆን እየሞተች ነው። እዚህ አገር አድጋ ግቢ የምትውል ሱልካታ ግድግዳውና ጣሪያው ፎም የለበሰ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ቴርሞስታት ያለው ቤት ትፈልጋለች፤ ሌሊት እንኳ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ መውረድ የለበትም። ማሞቂያውም ከጣሪያው ላይ በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ፓኔል ይሁን። ድርቆሽ ላይ በቆንጣጭ የተንጠለጠለ አምፖል ከወደቀ ቤቱንም እሷንም ያነድዳል። የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ከአሁኑ አስቡት።

«አጥር ለኤሊ? የት ልትሄድ?» የጎረቤት መሠረት ሥር! በፊት እግሯ አፈሩን ወደ ኋላ እየዛቀች ሜትሮች የሚሄድ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ሽቦ ካጠራችሁላትም ቀን ከሌት ትገፋዋለች፤ የገፋችውን ደግሞ ትጥላለች። አጥሩ ድፍን ሆኖ መሬት ውስጥ ጠልቆ ይግባ።

«ለልጁ ስጦታ ነው የገዛሁለት» ያሉኝ አባት ደግሞ አሉ። ጋሼ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው? ዘጠኝ? ሱልካታ ከ50 ዓመት በላይ ትኖራለች። እሱ ኮሌጅ ሲገባ እሷ ግቢዎን እየቆፈረች ነው፤ እሱ ሲያገባ እርስዎ እየመገቧት ነው። በአሪዞና ተሳቢ እንስሳት የሚያድኑ ሰዎች ግቢያቸው ባለቤቶቻቸው በተዉአቸው ሱልካታዎች ተጨናንቋል፤ ከእነሱም መካከል ለልጅ የተገዙ አይጠፉም። ስጦታ ከሆነች ለልጁ ብቻ አትሁን፤ ኑዛዜዎ ላይም ስሟ ይግባ።

ፍርዴ ይኸውላችሁ። አፓርታማ የሚኖር ሰው፣ ወይም ግቢው ጠባብ የሆነ ሰው፣ ሱልካታ አይግዛ። ርዝመቷ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚያበቃ የሩሲያ ኤሊ አለች፤ እሷም ብትሆን አሥርት ዓመታት ትኖራለችና መብራቱም፣ ሙቀቱም፣ ንጽሕናውም ይገባታል። ግቢ ያላችሁ ደግሞ ከመሸጫው በፊት የተጣሉትን የሚያሳድጉትን ጠይቁ፤ አንዷን ከዚያ ብታወጡ ለሌላዋ ቦታ ይለቀቃል።

ከማምጣታችሁ በፊት ግን ሣጥኑን ሥሩ፣ መብራቱን ስቀሉ፣ ባዶውን ሣጥን አንድ ሳምንት አሙቁና ቴርሞሜትሩን ጠዋትም ማታም አንብቡ። በአካባቢያችሁ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ። የሙቀቱ ቁጥር ልክ ከመጣ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ካልመጣ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ገና አልተዘጋጀንም» በሉት፤ ኤሊዋንም አትግዙ።